ማልፋ የደፉት መምህራን፦ ናና አስማኡና የሶኮቶ ሴቶች

 

በዛሬው ዝግጅታችን ከአገራችን ራቅ ብለን ወደ ምዕራብ አፍሪካ እንሻገርና በብዕሯ ለሴቶች የዕውቀት በር ስለከፈተች አንዲት ዓሊማ እናወጋለን። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን ከራሳችን ቤት እንጀምር።

ልጆች ሳለን ለውሃችንን በብብታችን ይዘን ወደ ሸኻችን ስንሄድ እህታችን እንስራዋን አዝላ ወደ ወንዝ ትወርድ ነበር። ማታ በኩራዝ ብርሃን የቀኑን ትምህርት ስንደግም እሷ ከምድጃው ዳር ሆና ትሰማናለች። አንድ ምሽት አንዲት አያ ጠፋችብንና ቆምን። ከጭሱ ውስጥ የቀረውን ቃል ያስታወሰችን እህታችን ነበረች። አባታችን ሳቁ፤ እናታችንም «ማሻአላህ» አሉ። ነገር ግን «አንቺስ ለምን አትቀሪም?» ያላት አንድም ሰው አልነበረም። እኛም አላልናትም። ያቺ እህታችን ዛሬ አያት ሆናለች። ከቁርኣን የምታውቀው በጆሮዋ የያዘችውን ያህል ነው፤ ፊደሉን አትለይም። የዛሬውን ታሪክ ስናዘጋጅ ደጋግማ ትዝ ያለችን እሷ ናት።

ዕውቀት የተቀመጠበት ቤት

ናና አስማኡ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1793 ዛሬ ሰሜን ናይጄሪያ በምንለው አገር፣ በጎቢር ንጉሥ ግዛት ሥር በነበረችው ደገል በተባለች መንደር ነው። አባቷ ታላቁ ዓሊም ሸኽ ዑስማን ዳን ፎዲዮ (1754-1817) ናቸው። አስማኡ የተወለደችው መንታ ሆና ነው። በዚያ አገር ልማድ ወንድ መንታዎች ሐሰንና ሑሰይን ይባላሉ፤ አንዷ ሴት ከሆነች ደግሞ ሑሰይና ትባላለች። ወንድሟ እንደ ልማዱ ሐሰን ሲባል ለእሷ ግን የወጣላት ስም አስማኡ ነበር። ይህም የአቡበክር ሲዲቅን (ረ.ዐ) ልጅ አስማእን ያስታውሰናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአባቷ ጋር በዋሻ በተሸሸጉ ጊዜ ስንቅ ያዘጋጀችላቸው፣ መታጠቂያዋን ለሁለት ቀዳ የስንቁን አፍ ያሰረችው አስማእ ማለታችን ነው።

በዚያ ቤት የሴት ልጅ ቂርኣት እንግዳ ነገር አልነበረም። ሸኹ ራሳቸው በልጅነታቸው ከእናታቸውና ከአያታቸው ቀርተዋል። የአስማኡ ታላቅ እህት ኸዲጃ በማሊኪያ መዝሀብ ዘንድ የታወቀውን የፊቅህ ኪታብ ሙኽተሰር ኸሊልን ወደ ፉልፉልዴ ቋንቋ የመለሰች ዓሊማ ነበረች። አስማኡም በዚህ ቤት አድጋ ፉልፉልዴን፣ ሐውሳን፣ ዓረብኛንና የበረሃዎቹን የቱዋሬጎች ቋንቋ ተማሼቅን ቻለች። ታላቅ ወንድሟ ሙሐመድ ቤሎ፣ በኋላ ኸሊፋ የሆኑት፣ የዕድሜ ልክ የዕውቀት ጓደኛዋ ነበሩ።

ከቤቱ ደጃፍ ውጭ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ሸኽ ዑስማን በየመንደሩ እየዞሩ ሲያስተምሩ ሴቶችም መጥተው ለብቻቸው ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ይህን የሰማ አንድ ዓሊም ሴቶች ከወንዶች ጋር ወደ አንድ የትምህርት ቦታ መምጣታቸው ነውር ነው ሲል ወቀሳውን በግጥም ጽፎ ላከ። ሸኹ ወንድማቸውን ዐብዱላሂን መልስ ስጥ አሏቸው፤ ዐብዱላሂም ግጥሙን በግጥም መለሱ። የመልሱ ፍሬ ነገር ሴቶችን በጅህልና መተው ከሁሉ የከፋ ጥፋት ነው የሚል ነበር።

ሸኹ ከዚህም አልፈው ሴቶችን ለማስተማር መጅሊስ ማዘጋጀት የተፈቀደ መሆኑን የሚያስረዳ ራሱን የቻለ ኪታብ ጻፉ። በሌላ ጽሑፋቸው የዘመናቸውን ዑለማዎች በብርቱ ወቅሰዋል። ደረሳዎቻቸውን ሌት ተቀን እያስተማሩ ሚስቶቻቸውንና ሴት ልጆቻቸውን እንደ ተጣለ ዕቃ መተዋቸው የዲን ሥራ አለመሆኑን ነገሯቸው። ባሏ የማያስተምራት ሴት ዲኗን ለማወቅ ወጥታ የመማር መብት እንዳላትም አስተማሩ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህ ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት የተለየ አዲስ ነገር አይደለም። የመዲና ሴቶች ወንዶቹ እንደበለጧቸው ነግረዋቸው ለእነሱ የተለየ ቀን እንዲመድቡላቸው በጠየቁ ጊዜ ቀን ሰጥተዋቸዋል። ሺፋእ ቢንት ዐብዲላህ የምትባለው ሰሓብያም ለነብዩ ባለቤት ለሐፍሷ (ረ.ዐ) ጽሕፈት አስተምራለች። እንግዲህ ጽሕፈት ለሴት ልጅ አይገባም የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ ተናጋሪው ራሱ ይመርምር።

ከጦርነት በኋላ የቀረ ሥራ

በ1804 የጎቢር ንጉሥ ጫና ሲበረታ ሸኹና ተከታዮቻቸው ደገልን ትተው ወደ ጉዱ ሂጅራ አደረጉ። አስማኡ ያኔ ገና ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ በተደረገው ጦርነት የጎቢር መዲና አልካላዋ በ1808 ወደቀች። በቀጣዩ ዓመት በ1809 ሶኮቶ ተቆረቆረች። በ1817 ሸኹ ሲያርፉ ሙሐመድ ቤሎ በቦታቸው ተተኩ። የአስማኡ ባለቤት ጊዳዶ የቤሎ የቅርብ ወዳጅና ዋዚር፣ ማለትም ዋና አማካሪ ነበሩ።

ጦርነት አገር ይሰጣል፤ ሰው ግን ይበትናል። በሶኮቶ ዙሪያ ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ ከቀያቸው የተፈናቀሉ፣ የተማረኩ ሴቶች ብዙ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር የዚያ ዘመን የሶኮቶ መንግሥት ባርነት የነበረበት መንግሥት ነው፤ ከነዚህ ሴቶች ብዙዎቹም በምርኮ የመጡ ነበሩ። አስማኡም የወገኖቿን ድል በግጥሟ አወድሳለች። ታሪክን ስንተርክ የሚያምረውን ብቻ መርጠን ካቀረብን ለእናንተ ታማኞች አልሆንም። ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን አንድ ነገር ይቀራል። ወንዶቹ ከተማ ሲገነቡና ግብር ሲያደራጁ ለነዚህ ሴቶች ማን ያስተምር የሚለውን ጥያቄ አንስታ መልስ የሰጠችው አስማኡ ናት።

አብዛኞቹ ሴቶች ዓረብኛ አያውቁም፤ ማንበብም አይችሉም። ከልጅ፣ ከወፍጮና ከእርሻ ተርፎ በዑለማ ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ የላቸውም። የሚያውቁት አንድ ነገር ቢኖር ዜማ ነው። ስለዚህ አስማኡ ትምህርቱን ወደ ግጥም ለወጠችው። በፉልፉልዴና በሐውሳ፣ በዓረብኛ ፊደል፣ ዓጀም በምንለው አጻጻፍ ጻፈች። ዓጀም ለኛ አዲስ አይደለም። የወሎ መሻይኾች አማርኛን በዓረብኛ ፊደል እየጻፉ መንዙማ የደረሱት፣ ኪታብ ያልቀራው ገበሬም ዲኑን በዜማ እንዲይዝ ብለው ነው። የሐረር ሰዎችም በራሳቸው ቋንቋ እንዲሁ አድርገዋል። የሶኮቶዋ እህታችን ይህንኑ ዘዴ ለሴቶች አዋለችው።

በግጥሞቿ ውስጥ የውዱእና የሰላት አደራረግ፣ ጾምና ዘካ፣ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት፣ የቂያማ ቀን ማስጠንቀቂያ አለ። የቁርኣንን ሱራዎች ስም በሙሉ በአንድ ግጥም ደርድራለች፤ ያንን የያዘች ሴት የቁርኣንን ዝርዝር በአፏ ያዘች ማለት ነው። ስለ ሂጅራውና ስለ ትግሉ የሚተርክ ረጅም የታሪክ ግጥምም አላት። ይህ ሁሉ የልጆች እናት፣ የትልቅ ቤት እመቤት ሆና፣ እንግዳ እየተቀበለች የሠራችው ነው።

ከሥራዎቿ መካከል አንዱን ለይተን እንጥቀስ። ወንድሟ ቤሎ ስለ ደጋግ ሙስሊም ሴቶች በዓረብኛ አንድ ኪታብ ጽፈው ነበር። አስማኡ ያንን መሠረት አድርጋ በፉልፉልዴና በ1837 ደግሞ በሐውሳ ግጥም አወጣችው። በግጥሙ ውስጥ የነብዩ ባለቤቶችና ልጃቸው ፋጢማ፣ የበስራዋ ራቢዓ አሉ። አስማኡ ግን በዚያ አላበቃችም፤ ከራሷ ማኅበረሰብ የወጡ፣ ጎረቤቶቻቸው በስም የሚያውቋቸውን ሴቶች በዚያው መዝገብ አስገባቻቸው። አንዷ በቁርኣን ዕውቀቷ የታወቀች፣ ሌላዋ የተጣላ በማስታረቅ የተመሰገነች ነበሩ። የሶኮቶ መንደርተኛ ሴት ያንን ግጥም ስትሰማ ደግነትና ዕውቀት መካና በስራ ላይ ተጀምሮ ያለቀ ነገር አለመሆኑን ተረዳች። ከዓኢሻ (ረ.ዐ) የጀመረው መስመር እስከ ጎረቤቷ ቤት ይደርሳል።

ሰው ሲሞትም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ሙሐመድ ቤሎ በ1837 ሲያርፉ የኸሊፋውን ጠባይ በግጥም ዘገበች። ማንም ታሪክ ጸሐፊ ስሟን የማያነሣላት ጎረቤቷ ስትሞትም ትዕግሥቷንና ለጎረቤት ያላትን ደግነት ጽፋ አለቀሰችላት። ለኸሊፋ የሚገባው መርሲያ ለተራ ሴትም ይገባል የሚለውን ትምህርት በሥራ አሳየች።

ያን ታሩ፦ የተሰባሰቡት

ግጥም በወረቀት ላይ ቢቀር የትም አይደርስም። ስለዚህ አስማኡ ሰዎቹን አደራጀች። ማኅበሩ «ያን ታሩ» ተባለ፤ የተሰባሰቡት እንደማለት ነው። በየመንደሩ ዕድሜዋ የገፋ፣ የተከበረች፣ አስተዋይ ሴት ትመረጥና «ጃጂ» ትባላለች፤ የጉዞ መሪ ማለት ነው። ጃጂዋ የመንደሯን ሴቶች አስከትላ ወደ ሶኮቶ ትመጣለች። የሚመጡት በአብዛኛው ልጅ መውለድ ያቆሙ እናቶችና ገና ያልተዳሩ ልጃገረዶች ናቸው፤ ጨቅላ የታቀፉት ከቤት መውጣት ስለማይችሉ ትምህርቱ ቤታቸው ድረስ እንዲደርስላቸው ነው። እህል፣ ቅቤ፣ ጥጥ የመሳሰለውን ሰደቃ ይዘው ይመጣሉ፤ አስማኡም ለችግረኛ ታከፋፍለዋለች። ጥያቄያቸውን ያቀርባሉ፣ የተጣሉትን ታስታርቃለች፣ አዲሱን ግጥም ይማራሉ። ከዚያ ጃጂዋ በቃሏ ይዛው ወደ መንደሯ ተመልሳ ስንኝ በስንኝ እየደጋገመች ታስተምራለች። አንዲት ዓሊማ ከአንድ ግቢ ሳትወጣ ትምህርቷ በየገጠሩ የተዳረሰው በዚህ መንገድ ነበር።

እያንዳንዷ ጃጂ ስትሾም አስማኡ «ማልፋ» የሚባለውን ከዘንባባ ቅጠል የተሠፋ ባርኔጣና የሚጠመጠምበትን ቀይ ጨርቅ ትሰጣታለች። ይህ ባርኔጣ የራሱ ታሪክ አለው። በጎቢር «ቦሪ» የሚባል፣ በኛ አገር ዛር ከምንለው ጋር የሚመሳሰል ልማድ ነበር፤ የሚመሩትም ሴቶች ነበሩ። «ኢና» የተባለችው የበላያቸው የማዕረግ ምልክት ይኸው ማልፋ ነበር። አንዲት ሴት ልጇ ሲታመም፣ ጭንቅ ሲበዛባት የምትሄደው ወደዚያ ነው። አስማኡ ሴቶቹን «ከዚያ ውጡ» ብላ ብቻ አልተወቻቸውም። የክብሩን ምልክት ወስዳ ዕውቀት ላላት ሴት ደፋችላት፤ ሴቶች ተሰብስበው ጭንቃቸውን የሚያወሩበትንም ቦታ ሰጠቻቸው። ዛሬ እናቶቻችን ለምን ወደ ጠንቋይ ይሄዳሉ እያልን ሚንበር ላይ ስንቆጣ ይህን ማሰብ አለብን። በመስጊዳችን የሚቀመጡበት ጥግ፣ ጥያቄያቸውን የሚሰማ ሰው አዘጋጅተንላቸዋልን?

አስማኡ በ1864 ወደ አኼራ ሄደች። ሥራውን ታናሽ እህቷ መርየም ተረከበችው። በ1903 እንግሊዞች ሶኮቶን ሲይዙ መንግሥቱ ቢወድቅም ጃጂዎቹ ማስተማራቸውን አላቋረጡም። ወረቀቶቿንም የዋዚሩ ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበለ ጠበቃቸው። በ1997 ከ60 በላይ የሆኑ ሥራዎቿ በአንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ተሰብስበው በእንግሊዝኛ ታተሙ። ዛሬ በናይጄሪያ በስሟ የሚጠሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። በ1985 የናይጄሪያ ሙስሊም ሴቶች ማኅበራት ፌዴሬሽን ሲመሠረትም የእሷን ፈለግ የሚጠቅሱ እህቶች ብዙ ነበሩ። የሰሜን ናይጄሪያ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት ግን ገና በ1976 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በፊት መምህርት የነበራት አገር ሴቶቿን ይህን ያህል ማስጠበቁ አንዴ የተከፈተ በር ጠባቂ ካጣ ተመልሶ እንደሚዘጋ ያሳየናል።

ብዕሩን የተቀበሉት

ከአስማኡ በኋላም የምዕራብ አፍሪካ ሙስሊም ሴቶች ብዕር አልጣሉም። ሴኔጋላዊቷ ማሪያማ ባ (1929-1981) መምህርትና የዘጠኝ ልጆች እናት ነበረች። በ1979 በፈረንሳይኛ ያሳተመችው ልብ ወለድ፣ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እጅግ ረጅም ደብዳቤ» እንደማለት የሆነው፣ በ1980 ለአፍሪካ መጻሕፍት የሚሰጠውን የኖማ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘ። ባሏ የሞተባት ሴት በዒዳዋ ወቅት ለጓደኛዋ የምትጽፈው ደብዳቤ ነው። ባልየው የልጁን የትምህርት ቤት ጓደኛ አግብቶ የመጀመሪያ ሚስቱንና ልጆቹን ጥሎ ሄዶ ነበር።

የካኖዋ ባላራባ ራማት ያኩቡ ደግሞ በልጅነቷ ተድራ ከትምህርት የቀረች፣ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ገብታ የተማረች ናት። በ1990 በሐውሳ ያሳተመችው ልብ ወለድ ባሏ ከዘጠኝ ልጆቿ ጋር ከቤት ስላስወጣት፣ ምግብ እያበሰለች በመሸጥ ስላሳደገቻቸው እናት ይተርካል። በየገበያው እንዲህ ዓይነት የሴቶች መጻሕፍት ሲበዙ በ2007 በካኖ ባለሥልጣናት መጻሕፍቱን በአደባባይ አቃጠሉ።

እኛ በነዚህ መጻሕፍት ያለውን ሁሉ አንቀበልም፤ ልብ ወለድ ፈትዋ አይደለም። ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ከአንድ በላይ ማግባት በፍትሕ የታሰረ መሆኑን ቁርኣን ነግሮናል። ፈቃዱን ይዞ ማሰሪያውን የጣለ ባል ሲበድል ኢማሙ ዝም ካለ፣ ሽማግሌው ዝም ካለ፣ የተበደለችው ሴት ወዴት ትጩኽ? ጻፈችው። ጽሑፏ ላይ ስሕተት ያየ ሰው የሸኽ ዑስማንን መንገድ ይከተል። እሳቸው የወቀሳቸውን ግጥም በግጥም አስመለሱ እንጂ አላቃጠሉም።

ከኛ ምን ይጠበቃል?

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ታሪክን የምናወጋው ለማድነቅ ብቻ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። አባቶች ሆይ፣ ለወንድ ልጃችሁ ኡስታዝ ስትቀጥሩ ሴት ልጃችሁን በዚያው ሰዓት ከጓዳ አውጧት፤ ሳህኑን ወንድሟም ያጥበዋል። ባሎች ሆይ፣ የምታውቁትን ለባለቤቶቻችሁ አስቀሩ፤ ካልቻላችሁ ወደምትማርበት ስትሄድ መንገዱን አትዝጉባት። የመስጊድ ኮሚቴዎች ሆይ፣ የሴቶችን ክፍል ስትሠሩ በመጨረሻ በተረፈው ብሎኬት አትሥሩት። እህቶች ሆይ፣ አንዲት ሱራ የምታውቂ ለማታውቀው ጎረቤትሽ ጃጂ ሁኚ። ማልፋ ባይኖርሽም ምንዳሽ አላህ ዘንድ ነው።

እኛም ከራሳችን ጀምረናል ለማለት ያህል የምንነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ዝግጅት ከመቅረጻችን በፊት ወደዚያች እህታችን ቤት ሄደን ያለፈውን አንስተን አውፍ እንድትለን ጠየቅናት። ኪታብ ይዘንላት ሄደን ነበርና እንጀምር አልናት። ረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «አሁን ዓይኔ ደክሟል፤ ይልቅ ለልጅ ልጄ ጀምሩላት፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ» አለችን። አሊፍን ለልጅቷ ስናሳያት እህታችን ጣቷን በገጹ ላይ አድርጋ እየተከተለች ነበር። ሁለቱም ቀሩ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ በሴት ልጆቻችን ላይ ያጠፋነውን ይማረን፤ ናና አስማኡንና ሥራዋን ተሸክመው ያሻገሩትን ሴቶች ይዘንላቸው። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።